ያልወረደ እጅ

ሰኞ በአራተኛው ክፍለ ጊዜ፣ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሐ፣ ወለላ ዘለቀ ቀኝ እጇን አወጣች፤ እጇም ከዚያ በኋላ አልወረደም።

ክፍለ ጊዜው የፊዚክስ ነበር። ፊዚክስ የሚያስተምረው ፕላዝማው ነው፤ ግድግዳው ላይ በተቆለፈ የብረት ሳጥን ውስጥ የተሰቀለው ቴሌቪዥን። እዚያ ውስጥ ያለው መምህር ትምህርቱ ከተቀረጸ ብዙ ዓመት እንዳለፈው የሸሚዙ ኮሌታ ይመሰክራል። ስሙን የሚያውቅ ስለሌለ ተማሪው ጋሼ ፕላዝማ ይለዋል። ጋሼ ፕላዝማ በእንግሊዝኛ እየተጣደፈ ያስተምርና መጨረሻ ላይ በዚያው በእንግሊዝኛው “ጥያቄ ያለው?” ብሎ አሥራ አንድ ሰከንድ ይጠብቃል። ከዚያ ፈገግ ይልና “በጣም ጥሩ” ብሎ ይሰናበታል። ለቴሌቪዥን እጅ የሚያወጣ ጤነኛ ሰው ስለሌለ በዚያች አሥራ አንድ ሰከንድ ተማሪው ደብተሩን ይሰበስባል።

ወለላ ግን አወጣች። ትምህርት ቤቱ በገባች በአራት ዓመቷ እጇን ስታወጣ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። አንገቷን የደፋች ልጅ ናት፤ ስሟ ሲጠራ እንኳ “አቤት” የምትለው አጠገቧ ለምትቀመጠው ለሰሚራ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ነው። የዚያን ቀን የምር የምትጠይቀው ነገር ነበራትና ፕላዝማ መሆኑን ረሳችው። ሰውዬው አሥራ አንዱን ሰከንድ ጠበቀ፣ “በጣም ጥሩ” አለ፣ ጠፋ። እጇ በነበረበት ቀረ።

“አውርጂው እንጂ፣ ሄዷል እኮ” አለቻት ሰሚራ።

“እምቢ አለኝ።”

ሁለቱም ጎተቱት። ሰሚራማ ተንጠለጠለችበት ማለት ይቻላል። ክንዱ አላመማትም፣ አልደነዘዘም፤ አልወርድም ብቻ ነው ያለው።

የዩኒት ሊደሩ አቶ ገዛኸኝ ጉዳዩን በዲሲፕሊን በኩል ስለያዙት ወላጅ እንድታመጣ አዘዙ። ማክሰኞ ጠዋት አባቷ አቶ ዘለቀ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ መጡ። ገበያ ውስጥ ልብስ ሰፊ ናቸው።

“ልጅዎ እጇን አላወርድም ብላለች” አሉ አቶ ገዛኸኝ።

“አልወርድም ያለው እጁ ነው፤ እሷ ምን ታድርግ?”

“የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ልጽፍ ነው።”

“ይጻፉ። እኔም እጅጌውን ላስተካክል።”

ሁለቱም የየድርሻቸውን ሠሩ። አቶ ዘለቀ የሹራቧን ብብት ፈትተው ሦስት ማዕዘን ጨርቅ ጨመሩበት፤ እጇ ወደ ላይ እንዳለ ልብሱ እንዳይሰበሰብባት። ክሩን በጥርሳቸው ከበጠሱ በኋላ ልጃቸውን ቀና ብለው አዩዋት።

“ለመሆኑ ምን ልትጠይቂው ነበር?”

“ለሱ ነው አባዬ። ለሌላ ብነግረው አይወርድም መሰለኝ።”

አቶ ዘለቀ ደስ አላቸው። ልጃቸው አንድ ነገር ፈልጋ ካዩዋት ቆይተዋል።

ትምህርት ቤቱ በሳምንት ውስጥ ለመደው። መምህራን ወደ ክፍል ሲገቡ መጀመሪያ የሚያዩት የወጣ እጅ ነውና “እሺ ወለላ!” ይሏታል። “ኧረ ቲቸር፣ እኔ እኮ…” ብላ ሳትጨርስ ጠመኔው ተዘርግቶላታል። ሰሌዳው ላይ በግራ እጇ እየተውተረተረች ትሠራለች፤ አብዛኛውንም ታውቀው ነበር። የሒሳቡ መምህር ስታፍ ውስጥ “ይህቺ ልጅ እስከ ዛሬ የት ነበረች?” ብለው ጠየቁ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበረች። የክፍል አለቃ ሲመረጥ ለሁለቱም ዕጩዎች ተቆጠረች፤ ድምፁ ከተማሪው ቁጥር በአንድ ቢበልጥም የተቃወመ የለም። ወደ ቤቷ ስትሄድ የባጃጅ ሾፌሮች ሁሉ ይቆሙላታል፤ ካልገባች ደግሞ ይቆጧታል።

ይህ ሁሉ ይቻላል። ያልተቻለው ፈተናው ነበር። ወለላ የምትጽፈው በቀኝ እጇ ነው፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አራት ሳምንት ቀርቶታል። የመልስ ወረቀቱን ክብ በእርሳስ ማጥቆር ብቻ ነው ቢባልም በግራዋ ስትሞክረው እርሳሱ እየዘለለ የጎረቤቱንም ክብ ያጠቁራል፤ አራሚው ማሽን ደግሞ ይቅርታ አያውቅም። አንድ ቀን ሽንት ቤት ገብታ ብቻዋን አለቀሰች። የአራት ዓመት ልፋቷ በአንድ እጅ ምክንያት ገደል ሊገባ ነው፤ ከሁሉ ከሁሉ ያናደዳት ግን ያ አንድ እጅ ምንም ጥፋት የሌለበት መሆኑ ነበር።

የፕላዝማውን ሳጥን ቁልፍ የሚይዙት ቲቸር በላቸው አዘኑላት።

“እኔን ጠይቂኝና ይውረድልሽ” አሏት ከክፍል ሲወጡ።

ወለላ በጆሯቸው ነገረቻቸው። ቲቸር በላቸው ወደ ሳጥኑ ዞረው አዩ።

“ይኼን እኔ ልመልሰው አልችልም” አሉና ሄዱ። እጇም አልወረደም።

የዓመቱ የመጨረሻ የፊዚክስ ሥርጭት ሐሙስ ነበር። ከዚያ በኋላ ሳጥኑ እስከ መስከረም ይቆለፋል፤ በመስከረም ደግሞ ወለላ ወይ ዩኒቨርሲቲ ናት ወይ አባቷ ሱቅ ውስጥ የልብስ ቁልፍ ትተክላለች፣ ያውም በግራ እጇ። ጋሼ ፕላዝማ ስለ ብርሃን አስተማረ። ማንም ብዙ አልገባውም። መጨረሻ ላይ እንደ ልማዱ እጆቹን አቆላልፎ “ጥያቄ ያለው?” አለ።

የዚያን ቀን ደብተሩን የሰበሰበ አልነበረም። ሰሚራ በሹክሹክታ ቆጠረች። “አምስት… ስድስት… ሰባት…”

ወለላ እስከዚያ ቀን እጇን አውጥታ በጨዋ ደንብ ነበር የጠበቀችው። በዚያ ትምህርት ቤት ግን እጅ ብቻውን አይታይም፤ ጣት ካልጮኸና መምህሩ ጮክ ተብሎ ካልተጠራ ማንም ዞር አይልም። እሷ ይህን እንደ ብልግና ስለምትቆጥረው አድርጋው አታውቅም። ሰሚራ “ዘጠኝ” ስትል ብድግ አለች። ጣቷን አጮኸች።

“ቲቸር!”

ድምፅዋ ኮሪደሩን አልፎ ቢሮ ድረስ ተሰማ። አሥር አለፈ፣ አሥራ አንድ አለፈ። ሰውዬው ፈገግ አላለም።

“አቤት” አለ። “ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያለሽው።”

በአማርኛ ሲናገር ሰምተውት አያውቁም። አነጋገሩ የጎረቤት ሰው ዓይነት ነበር። በሩ ላይ የቆሙት ቲቸር በላቸው በእጃቸው የያዙትን ቁልፍ ኪሳቸው ከተቱት።

“ሁልጊዜ ጥያቄ ያለው ብለው ይጠይቁናል” አለች ወለላ። “እኛ ምንም አንልም። አብዛኛውን ጊዜ አልገባንም። እርስዎ ግን በጣም ጥሩ ይላሉ። ምን አይተው ነው?”

ይህን እንዳለች እጇ ወረደ። ዴስኩ ላይ ሲያርፍ ኳ አለ። ሰሚራ በሁለት እጇ ይዛ ታሸው ጀመር፤ እንደ ጉድጓድ ውሃ ቀዝቅዞ ነበር።

ሰውዬው መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ወለወለ።

“ያልጠየቁትን ነው፤ ከእኔ በቀር ማንም አያያቸውም” አለ። “ካሜራው ወደኔ ነው የዞረው። ቆዩ ላሳያችሁ።”

ወደ ፊት መጣ። ኮሌታው ስክሪኑን ሞላው፣ ምስሉ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ዞረ።

መጨረሻው የማይታይ አዳራሽ ነበር። ዴስኮቹ በረድፍ በረድፍ ተደርድረው ተማሪዎች ተቀምጠውባቸዋል። ሁሉም የየትምህርት ቤታቸውን ዩኒፎርም ለብሰዋል፤ አንዳንዱ ዩኒፎርም ከተለወጠ አሥር ዓመት ሞልቶታል። አፋቸው ዝግ ነው። ሁሉም ቀኝ እጃቸውን አውጥተዋል፤ የደከማቸው በግራ እጃቸው ክንዳቸውን ደግፈውታል።

ደወል ተደወለ። ከክፍሉ የተነሳ የለም፤ ከአዳራሹም የተነሳ የለም። ፊተኛው ረድፍ ላይ ያለ አንድ ልጅ ዓይኑን ከካሜራው ጀርባ ከቆመው ሰውዬ ላይ አንስቶ ቀስ ብሎ ወለላ ላይ አሳረፈ። ጣቱን አጮኸ።

“ቲቸር!” አላት።

ሌሎቹም ጥያቄያቸውን እንደያዙ አንድ በአንድ ፊታቸውን ወደሷ አዞሩ።