የእትዬ ወርቅነሽ ማንጎ

ለእረፍት ሸዋሮቢት ስመጣ ቦርሳዬ ውስጥ የትምህርት ክፍል መቀየሪያ ቅጽ ነበረ። ኢኮኖሚክስን እወደዋለሁ፤ ካልኩለሱ ግን አንገሽግሾኛል። ስለ ገበያና ስለ ገበሬ ልማር ገብቼ ቀኑን ሙሉ ከኤክስና ከዋይ ጋር ስታገል እውላለሁ። ቅጹን ያለ አባቴ ምርቃት ማስገባት ግን አልደፈርኩም።

አባቴ ይልማ የሰፈራችን የውሃ አባት ነው፤ የሮቢ ወንዝን ውሃ ለሽንኩርት ማሳዎች በተራ የሚያከፋፍለው እሱ ነው። ያን ሰሞን ጉልበቱን አሞት ስለነበር፣ "ሰብለ፣ ዛሬ አንቺ አከፋፍይ፤ የተማርሽ አይደለሽ? ለእትዬ ወርቅነሽና ለጋሼ ሙሉቀን የስምንት ሰዓት ውሃ አለሽ" ብሎ ላከኝ።

አራት አራት ሰዓት ሰጠኋቸው። ለዚህ ደግሞ ምን ካልኩለስ ያስፈልጋል ብዬ ኮራሁ።

በማግሥቱ የእትዬ ወርቅነሽ ዋልካ መሬት ኩሬ ሆኗል፤ የጋሼ ሙሉቀን አሸዋማ ማሳ ላይ ደግሞ ሽንኩርቱ ጠውልጓል።

"የኔ ልጅ፣ እኔ የተከልኩት ሽንኩርት ነው እንጂ ሩዝ አይደለም!" አሉኝ እትዬ ወርቅነሽ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

አባቴ ከዘራውን ተደግፎ መጣ። አልተቆጣም።

"እኩል መስጠት ማካፈል መሰለሽ? 'ቀጣይዋ ሰዓት የቱ ማሳ ላይ ይበልጥ ትጠቅማለች?' ብለሽ ጠይቂ። ዋልካው ቶሎ ይጠግባል። ሁለቱም ጋ እኩል የምትጠቅምበት ላይ ስትደርሺ ያኔ አካፈልሽ ይባላል።"

ክው አልኩ። የካልኩለስ መምህራችን ሰሌዳ ላይ ሲጽፈው፣ ሳይገባኝ ስገለብጠው የከረምኩት ይኸው ነበር።

"አባዬ፣ ይኼ እኮ ዴሪቬቲቭ ነው!"

"ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች" ብሎ ሳቀብኝ።

ፀሐዩ ስለከረረ የእትዬ ወርቅነሽ ማሳ ዳር ካለው ትልቅ ማንጎ ሥር ተቀመጥኩ። ሌላ ወረቀት ስላልነበረኝ የቅጹ ጀርባ ላይ የሚቀጥለውን ተራ ማስላት ጀመርኩ። ኤክስ የውሃ ሰዓት ሆነችልኝ። እውነቴን ነው፣ ካልኩለስ እየሠራሁ ደስ አለኝ። ለጋሼ ሙሉቀን አምስት ሰዓት ተኩል፣ ለእትዬ ወርቅነሽ ሁለት ሰዓት ተኩል ወጣ።

አባቴ ወረቀቱን ተቀብሎ አየው። "የወርቅነሽን ግማሽ ሰዓት ቀንሺ።"

"ለምን? ሒሳቡ ልክ ነው!"

"ማንጎዋስ? ግማሽ ማሳዋ ጥላ ነው፤ ቶሎ አይደርቅም።" ወረቀቱን ገለበጠው። "ይኼስ ምንድን ነው?"

"ትምህርቱን ልቀይር ነበር። ሒሳቡ በዝቶብኝ።"

"አሁንስ?"

ቀና ብዬ ማንጎውን አየሁት።

"አሁንማ አነሰኝ፤ ማንጎውን እንዴት እንደማስገባው ገና አልተማርኩም።"