በሟርተኛው ኪስ የቀረው ወረቀት

የሆስፒታሉን የበሽተኞች መዝገብ ወደ ኮምፒዩተር የሚያዛውር ፕሮግራም ስንሠራ የእኔ ድርሻ ስህተት መፈለግ ነበር። ስህተት ባገኘሁ ቁጥር ሥራው ስለሚዘገይ «ሟርተኛው» የሚል ስም ወጣልኝ። አለቃችን ሰኞ ሰኞ ጠረጴዛውን እየዞረ «ስንት ደረሰ?» ይላል። «ዘጠና በመቶ» እንላለን። አራት ወር ሙሉ ዘጠና ላይ ነበርን። አንዲት ባልደረባችን አንድ ቀን «ሰባ» አለች፤ አሁን ሌላ መሥሪያ ቤት ናት።

ፕሮግራሙ ሊከፈት ሦስት ቀን ሲቀረው ካርድ ክፍል ወረድኩ። እማማ እርሳስ የምንላቸው ሴት ሠላሳ ዓመት እዚያ ሠርተዋል፤ ቀይ እርሳስ ከጆሯቸው አይለይም። ሁለት ካርድ ጎን ለጎን አኖሩልኝ። ስም ከነአያት አንድ፣ የትውልድ ዘመን አንድ።

«እነዚህን ማሽናችሁ በምን ይለያቸዋል?»

«እርስዎስ?»

«በእናታቸው ስም ነዋ! ጥግ ላይ በቀይ እጽፋለሁ። ይኼኛው ፔኒሲሊን ከነካ አይተርፍም።»

«ለፕሮግራመሮቹ አልነገሯቸውም?»

«ማን ጠይቆኝ፣ ልጄ? መጡ፣ ጠረጴዛዬን ለክተው ሄዱ። እንግዲህ አንተ ንገርልኝ።»

«እነግራቸዋለሁ።»

ሁለቱን ካርዶች አስገብቼ ሞከርኩት። ፕሮግራሙ ሁለቱን ሰዎች አንድ አደረጋቸው፤ የፔኒሲሊኑ ማስጠንቀቂያም ጠፋ። ያየሁትን ከነቀኑ ጽፌ ኪሴ ከተትኩት።

በመጨረሻው ስብሰባ አለቃችን «ችግር ያለው አለ?» አለ። እጄ ወደ ኪሴ ሄደ።

«ኧረ አፍህን በመልካም ክፈት፣ ሟርተኛው!» አለ ዋናው ፕሮግራመር። ሳቁ። አለቃችን አልሳቀም።

«እንግዶች ተጠርተዋል። ዛሬ ክፉ ወሬ አልሰማም።»

ሆድ ይፍጀው አልኩ። ከተከፈተ በኋላ እናስተካክለዋለን። እጄን ባዶውን አወጣሁና አብሬ ሳቅኩ።

ፕሮግራሙ ተከፈተ፤ የእማማ እርሳስ ካርዶች በካርቶን ታሸጉ። በአምስተኛው ቀን ያ ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰውዬ ጉሮሮውን አሞት መጣ። ሐኪሙ ስክሪኑን አየ፤ ምንም ማስጠንቀቂያ የለም፤ መርፌው ታዘዘ። ከሰዓት በኋላ ሚስቱ ጫማውን በፌስታል ይዛ ወጣች።

አለቃችን ጉዳዩን ሊያጣሩ ለመጡት ሰዎች ደብዳቤ አረቀቀ፤ «ኮምፒዩተሩ በፈጠረው ስህተት» ይላል። ሁሉም ፈረሙ። ለምስክርነት የተጠሩት እማማ እርሳስ በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። አዩኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ፈርም እንጂ፣ ወንድሜ» አለ ዋናው ፕሮግራመር። ሟርተኛው አላለኝም።

ወረቀቱን አውጥቼ ደብዳቤው ላይ ዘረጋሁት። እጥፋቱ ላይ ሊቀደድ ደርሷል። ቀኑ ግን ይነበባል።