ምስለኔው የሰጠኝ ባል

ባሌ ተርስታን በዐቢይ ጾም ሞተ። ምርጡ በሬያችን ከሬሳው ቀድሞ ከቤት ወጣ፤ ጭሰኛ ሲሞት ምርጡ ከብት የጌታው ነው። አላለቀስኩም። ለቅሶም ጉልበት ይፈልጋል።

ከፋሲካ በኋላ የጌታው ምስለኔ ችሎት አስጠራኝ።

«ሃዊስ፣ ያ መሬት በሳምንት ሦስት ቀን የጌታውን ሁዳድ የሚያርስ ወንድ አለበት። ወይ ባል አግቢ፣ ወይ መሬቱን ልቀቂ።»

«እኔው አርሳለሁ፣ ጌታዬ።»

ሰዉ ሳቀ። ምስለኔው ዙሪያውን ቃኘና ጣቱን ኦስበርት ላይ ቀሰረ። ኦስበርት ከተርስታን ጋር አብሮ ያደገ ጎረቤታችን ነው፤ አምሳን ያለፈ፣ ወገቡ የጎበጠ፣ ሚስት የሚባል አግብቶ የማያውቅ።

«እኔን ነው? ኧረ ጌታዬ፣ እኔ ራሴን መሸከም አቅቶኛል!»

«እንግዲያው ሁለታችሁም ትለቃላችሁ። እስከ እሁድ አስቡበት።»

ስንወጣ ኦስበርት እያነከሰ ደረሰብኝ።

«ሃዊስ፣ አትቀየሚኝ። አንቺን ጠልቼ አይደለም።»

«ምን ያስቀይመኛል? እኔስ መች ፈለግሁህ?»

«ከተማ እንጥፋ እንዳልል፣ ጭሰኛ ነጻ የሚወጣው ዓመት ከአንድ ቀን እዚያ ሳይያዝ ከተደበቀ ነው። በዚህ ወገብ አጥር እንኳ አልዘልም።»

ሳቄ አመለጠኝ። ተርስታን ከተቀበረ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር። እሁድ ቄሱ አጋቡን፤ ሰኞ ጠዋት ሁዳድ ወረድን።

በነሐሴ፣ በአገራችን የአጨዳ ወር፣ የጌታው ስንዴ ሲደርስ የእኛም ገብስ አብሮ ደረሰ። ሰማዩ ጠቁሯል፤ የሁዳድ ድርሻችንን ሳንጨርስ ደግሞ መሄድ አይፈቀድም። ኦስበርት ማጭዱን እንደያዘ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«አንቺ ሂጂ፣ የኛን እጨጂ። ያንቺንም እኔ እጨርሰዋለሁ።»

«በዚህ ወገብ?»

«ወገቤም የጌታው ነው። ቢቆረጥ ኪሳራው የሱ!»

ሮጥኩ። ግማሹን አጭጄ ጎተራ እንዳስገባሁ ዝናቡ ወረደ፤ ግማሹ ማሳው ላይ በሰበሰ።

ስመለስ የሁለታችንም ድርሻ አልቋል። ኦስበርት ነዶው ሥር ተኝቶ ዝናብ ይመታዋል። ጣቶቹ ማጭዱ ላይ ደርቀው ቀርተዋል፤ አንድ በአንድ ፈለቀቅኳቸው። የሁዳዱ አለቃ ከዛፍ ሥር ሆኖ «ነገም እንዳትቀሩ!» ብሎ ጮኸ።

ደግፌው ቤት ገባን። የባቄላ ገንፎ በማንኪያ እያጎረስኩት ሳለ፣

«ተረፈልን?» አለኝ።

«ግማሹ።»

«ግማሽም ደህና ነው» አለና ጉርሻው አፉ ውስጥ እንዳለ እንቅልፍ ወሰደው።

ብርዱን ወራት በዚያ ግማሽ ገብስ ወጣነው። ኦስበርት ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማጥለቅ አልቻለም። ጠዋት ጠዋት እኔ አጠልቅለታለሁ፤ ከዚያ ተያይዘን ሁዳድ እንወርዳለን።