ተዘዋዋሪው ሣር

ለተከበራችሁ የከተማችን ነዋሪዎች በሙሉ፦ በትልቁ መናፈሻ ጥግ ላይ ለዘመናት ፊቱን ወደ ሽንት ቤቱ ግድግዳ አድርጎ የኖረው አግዳሚ ወንበር፣ ጥልቅ ጥናት ከተካሄደበት በኋላ፣ ከዛሬ ጀምሮ ጀርባውን ለሽንት ቤቱ እንዲሰጥ መደረጉን ስንገልጽ ታላቅ ደስታ ይሰማናል።

ደስታው የማን እንደሆነ ማስታወቂያው አይናገርም። ወንበሩ ዛሬ የሚያየው የመጋዘኑን ግድግዳ ነው፤ ሽታውም ከፊት መምጣቱን ትቶ ከኋላ ይመጣል እንጂ የትም አልሄደም። ቢሆንም የመናፈሻዎችና መዝናኛ ጽሕፈት ቤቱ ዋና ኃላፊ በቦታው ተገኝቶ ሪባን ቆርጧል፣ ንግግር አድርጓል፣ ፎቶ ተነሥቷል። ወንበሩ ላይ ግን አልተቀመጠም። ቀለሙ አልደረቀም ነበር።

ሰውየው ሪባን መቁረጥ ይወዳል። አዲስ የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ሲተከል ይቆርጣል፤ አሮጌው ሲነቀልም ይቆርጣል። ከዚህ የተነሣ ሠራተኛው በሙሉ ፊት ለፊት «ክቡር ኃላፊ»፣ ዞር ሲል ደግሞ «መቀስ» ይለዋል።

ማስታወቂያውን የጻፈው ግን መቀስ አይደለም፤ መቀስ ይቆርጣል እንጂ አይጽፍም። የጻፈው የመዝናኛ ፕሮግራሞች አስተባባሪው ነው። አስተባባሪው ስፖርት ሳይንስ አጥንቶ በማዕረግ የተመረቀ፣ ከተመረቀ ወዲህ ግን ከስብሰባ ወደ ስብሰባ ካልሆነ በቀር ሮጦ የማያውቅ ሰው ነው። መሥሪያ ቤቱን ይንቃል። ባልደረቦቹን ይንቃል። ጠዋት ጠዋት ክራቫቱን ሲያስር መስታወት ውስጥ የሚያየውን ሰውዬ ደግሞ ከሁሉም አብልጦ ይንቃል፤ በዚህ በኩል አድልዎ የለበትም።

መሥሪያ ቤቱ በአንድ ኮሪደር ግራና ቀኝ የተከፈለ ነው። በግራ ያለው የመናፈሻ ክፍል፣ መናፈሻን የሚያበላሸው ሰው ነው ብሎ ያምናል። ሰው ባይኖር እንዴት ያለ መናፈሻ ይኖረን ነበር እያሉ ከንፈራቸውን ሲመጥጡ ይውላሉ። በቀኝ ያለው የመዝናኛ ክፍል ሕዝቡን የማዝናናት ኃላፊነት ተጥሎበታል፤ ሕዝቡ ሊዝናናበት የሚችለው ቦታ ሁሉ ግን ቁልፉ ያለው በግራ በኩል ነው። ስለዚህ የቀኙ ክፍል ስለ መዝናናት ይሰበሰባል።

አሁን ስለ ሣሩ እናንሣ። ከተማዋ ውስጥ ሣር የሚባል ሣር ያለው አንድ ብቻ ነው። አንድ ዓይነት ማለት አይደለም፤ አንድ። ከበላይ አካል ገምጋሚዎች ሊመጡ ነው በተባለ ቁጥር ሣሩ ካለበት ተገልጦ እንደ ምንጣፍ ይጠቀለላል፣ በጭነት መኪና ይጫናል፣ ገምጋሚዎቹ የሚጎበኙት መናፈሻ ውስጥ ይዘረጋል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ይጨበጨብለታል። እነሱ ሲሄዱ ተጠቅልሎ ወደ ቀጣዩ። ከከተማዋ ሹሞች ይልቅ ከተማዋን አዳርሶ የሚያውቃት ይህ ሣር ነው። አትክልተኞቹ «እንግዳ ተቀባዩ» ብለው ይጠሩታል። አንድ ጥግ ላይ የጭነት መኪናው የሞተር ዘይት ፈስሶበት ክብ ሆኖ ተቃጥሏል፤ እዚያ ላይ ዘወትር የአበባ ማሰሮ ይቀመጥበታል።

አስተባባሪው ይህን ሁሉ እያየ ለዓመታት ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ኖሯል። ለምን ይናገራል? ሣር የሱ ክፍል አይደለም።

አንድ ሰኞ ግን መቀስ ቢሮው ጠራው። ቢሮው ውስጥ የፕላስቲክ አበባ አለ፤ የከተማዋን መናፈሻዎች የሚያስተዳድር ሰው ቢሮ ውስጥ ያለው አበባ ፕላስቲክ ነው።

«ገምጋሚዎቹ የታችኛውን ሜዳ መርጠዋል» አለው። «ሣሩ እዚያ ይዘረጋል። በዚህ ጊዜ ግን አይነሣም። ግምገማውን ካለፍን ሳይነግሩን እየመጡ ሊያዩት ነው አሉ። ስለዚህ አጥር፣ ዘበኛ፣ ‹ሣር አይረገጥም›። ለዘለቄታው።»

አስተባባሪው ከማስታወሻ ደብተሩ ቀና አለ። «ሽማግሌዎቹስ?»

«የትኞቹ ሽማግሌዎች?»

«ኳስ የሚጫወቱት።»

«ይጫወቱ! ማን ከለከላቸው? ሣሩ ላይ አይውጡ እንጂ እንዳሻቸው ይጫወቱ።»

«ክቡር ኃላፊ፣ ሜዳው በሙሉ ሣር ሊሆን ነው'ኮ።»

«እንግዲህ የመዝናኛ ባለሙያው አንተ ነህ። ቆመው የሚዝናኑበት ነገር ፈልግላቸዋ! ደግሞ በዕለቱ ማልያ አልብሰህ ዳር ዳሩን ደርድርልኝ። ሽማግሌ ለፎቶ ያምራል።»

ከነዚያ ለፎቶ ከሚያምሩት ሽማግሌዎች መካከል በረኛው አባቱ ናቸው።

አባቱ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ ያልተከፈተ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው የሚውሉ ሰው ሆነው ነበር። ቢከፍቱላቸው ይዘጉታል። ምግብ ሲቀርብ «ቆይ» ይላሉ፤ ቆይቶም ምግቡ ቀዝቅዞ ይመለሳል። አንድ ቅዳሜ ልጅየው ተስፋ ቆርጦ፣ ትንሽም ተሳድቦ፣ ሜዳ ዳር ወስዶ አስቀመጣቸው። የሽማግሌዎቹ በረኛ ወገቡን ይዞት ቀርቶ ነበርና ማንም ሳይጠይቃቸው ተነሥተው ሁለቱ የጎል ድንጋዮች መሀል ገቡ። ያን ቀን ጎል እንደ ጉድ ገባባቸው። ያን ቀን ምሳቸውን ጨርሰው በሉ። የመዝናኛ ፕሮግራሞች አስተባባሪው በሥራ ዘመኑ ያስተባበረው መዝናኛ ይኸው አንድ ብቻ ነው፤ ሪፖርት ላይም አልጻፈውም።

ቤት ሲገባ አባቱ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሳፋ ላይ አጎንብሰው የበረኛ ጓንታቸውን በሳሙና ያሻሉ።

«አባባ፣ ለግምገማው ቀን አዲስ ማልያ ሊሰጣችሁ ነው።»

«ደግ አደረጉ። ከማን ጋር ነው ግጥሚያው?»

«ግጥሚያ የለም። ትቆማላችሁ።»

«የት?»

«ዳር ላይ።»

«በረኛ ዳር ላይ ምን ይሠራል?»

«ፈገግ ይላል።»

አባቱ ጓንቱን ጨመቁት። «እኔ አውቶቡስ ስነዳ» አሉ፣ «ወንበር ያጣ ተሳፋሪ ቆሞ ይሄድ ነበር። ግን ይሄድ ነበር። እናንተ አቁማችሁ የምታደርሱን የት ነው?»

ልጅየው ፎጣ አቀበላቸው።

«በማግስቱስ? እንጫወታለን?»

«አጥር ሊታጠር ነው፣ አባባ።»

አባቱ «እህ» አሉ። ጓንቱን ገመድ ላይ አላሰጡትም፤ እርጥቡን እንደያዙ ሳሎን ገቡና ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጡ። አልከፈቱትም። እራት ሲቀርብ «ቆይ» አሉ።

የግምገማው ቀን ደረሰ። የታችኛው ሜዳ በእግር ብዛት ተረግጦ እንደ ሲሚንቶ የደረቀ መሬት ነው። ሣሩ እዚያ ላይ ተነጠፈ። ሥር ይይዛል ያለ ማንም አልነበረም፤ የጠየቀም የለም። እንዲያብረቀርቅ ውሃ በላይ በላዩ ተለቀቀበት፤ ሁለቱ የጎል ድንጋዮችም ሣሩ ሥር እንደ እብጠት ጉብ ብለው ቀሩ። ሕዝብ ስለሚያስፈልግ ሠራተኛው ቱታ ለብሶ ሕዝብ ሆነ። የሒሳብ ክፍሉ ሰውዬ መንገዱ ላይ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ቆመ፤ ስፖርት ይሁን ምርኮ ለመለየት ያስቸግራል። የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ መዝለያ ገመድ ይዛለች፤ አልዘለለችበትም፣ እንደ ቦርሳ አንጠለጠለችው።

ሽማግሌዎቹም ተደረደሩ። ማልያቸው ላይ «ሜዳው የሁላችንም ነው» ተብሎ ተጽፏል። ከመካከላቸው አንዱ፣ ሦስት እርምጃ ሮጦ ሲያለከልክ ስለሚውል «ሳንባ» የሚባለው፣ ኳስ በብብቱ ይዟል። ኳሷን መቀስ ነው ያስያዘው፤ ለፎቶ። አባትየው ጫፍ ላይ ቆመዋል፤ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተዋል። ልጃቸውን አያዩም። የሚያዩት ሁለቱን እብጠቶች ነው።

የገምጋሚዎቹ ሰብሳቢ ጠፍጣፋ ጫማ ያደረገች፣ ንግግር ሲረዝም ዓይኗ የሚከደን ሴት ናት። መቀስ ስለ አረንጓዴነት ተናገረ። ስለ ትውልድ ተናገረ። ስለ አግዳሚ ወንበሩም ተናገረ። ሲጨርስ ሴትየዋ ዓይኗን ገለጠች።

«እነዚህ አባቶች የሚጫወቱት የት ነው?»

«እዚሁ ነዋ! በዚሁ ለምለም ሜዳ!»

«ሣሩ ግን ምንም እግር የነካው አይመስልም።»

«በጥንቃቄ ስለሚጫወቱ ነው» አለ መቀስ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

«በሐሳብ ነው የምንጫወተው፣ እመቤቴ» አለ ሳንባ። «እስካሁን በሐሳብ እየመራን ነው።»

ከሽማግሌዎቹ መሀል ሳቅ አፈተለከ። መቀስ ፊቱ ደም መሰለ፤ ግን እሱም አብሮ ሳቀ፤ ከዚያ አስተባባሪውን በክርኑ ጎሰም አደረገው። «ዝርዝሩን ባለሙያችን ይነግሩዎታል።»

አስተባባሪው ጉሮሮውን ጠረገ። የሚለውን ያውቀዋል፤ ሌሊቱን ሲያጠናው ነበር። የአረጋውያን ንቁ ተሳትፎ፣ ሣር ተኮር መዝናኛ፣ ምናምን። አፉን ከፈተ። አባቱን አያቸው። አባቱ የሚያዩት አሁንም እብጠቶቹን ነው፤ ፊታቸውም ያው ቴሌቪዥን ፊት የሚይዙት ፊት ነው።

አፉን ዘጋ።

«ጋሼ» አለ ወደ ሳንባ ዞሮ፣ «ኳሷን ይስጡኝ እስቲ።»

ሳንባ ኳሷን ወረወረለት። አስተባባሪው በቢሮ ጫማው ሣሩ ላይ ወጣ። ዘበኛው ፊሽካ ነፋ።

«ሣሩ! ሰውዬ፣ ሣሩ!» አለ መቀስ በሹክሹክታ፤ ሹክሹክታው ግን እስከ መንገድ ይሰማል።

«አባባ፣ በር ላይ ይግቡ» አለ ልጅየው።

አባቱ ወዲያው አልተንቀሳቀሱም። ልጃቸውን ከጫማው እስከ ክራቫቱ አዩት። «አንተ? አንተ ልትመታ?»

«እኔ።»

«ከዩኒቨርሲቲ ወዲህ የመታኸው ማኅተም ብቻ ነው'ኮ።»

«ይግቡ እንጂ!»

አባቱ እጃቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ጓንቱን አጥልቀዋል። ሣሩን ረግጠው፣ ሳይቸኩሉ፣ አውቶቡስ ወደ ፌርማታ እንደሚያስጠጋ ሰው ሁለቱ እብጠቶች መሀል ገብተው ጎንበስ አሉ።

አስተባባሪው ተንደረደረ። ግራ እግሩን ሲተክል ሣሩ ከሥሩ ተንሸራተተ። እንደ ተጎተተ ምንጣፍ ተሸበሸበና ሄደ፤ ሰውየውም በአፍ ጢሙ ተደፋ። ኳሷ ግን በጫማው ጫፍ ተነክታ ነበርና፣ እንደ ሰከረ ሰው እየተወላገደች ወደ በሩ ሄደች። አባቱ እንኳን ለሷ ለሌላም አይወድቁም ነበር፤ ለወጉ ያህል ግን በጎናቸው ወደቁና እቅፍ አደረጓት። ያን ጊዜ የእሳቸውም ሣር ተነሣ። እሳቸውን፣ ኳሷን፣ ጓንታቸውን ተሸክሞ ከእብጠቶቹ መሀል አሳልፎ ወዲያ ማዶ አደረሳቸው።

«ጎል!» አለ ሳንባ።

«የምን ጎል? ይዣታለሁ!» አሉ አባቱ ከሣሩ ላይ ሳይነሡ።

«ይዘው ገቡ!»

«እኔ አልገባሁም፤ ሣሩ ነው የገባው!»

«ታዲያ ለሣሩ ይቆጠርለታ!»

ሽማግሌዎቹ ክርክሩን ከሩቅ ሆነው ሊከታተሉት አልቻሉም። ግር ብለው ሜዳው መሀል ገቡ። የሚያስለካ አለ፣ የሚምል አለ፣ ድንጋዩ የት እንደነበር ለማሳየት ሣሩን እየገለጠ የሚወረውር አለ። ሥሩ ያው የድሮው መሬት ብቅ አለ፤ የሪጎሬ ምልክቷ የኖራ ነጥብ ሳትቀር። በግርግሩ አንዱ የአበባ ማሰሮውን ገፍቶ ጣለው።

ሰብሳቢዋ ጠጋ ብላ ክቡን ቃጠሎ አየችው። በጫማዋ ጫፍ የሣሩን ጠርዝ አነሣች፣ መለሰችው።

«ይህን ቃጠሎ አውቀዋለሁ» አለች። «አምና በትልቁ መናፈሻ ውስጥ የአበባ ማሰሮውን አንሥቼ አይቼዋለሁ። የፀሐይ ግርፋት ነው ብለውኝ ነበር።»

መቀስ የአበባ ማሰሮውን አንሥቶ ቃጠሎው ላይ መልሶ አስቀመጠው። ሰብሳቢዋ ግን መልስ አልጠበቀችም፤ «ከዚህ የላይኛውን መናፈሻ እናያለን» ብላ ባልደረቦቿን አስከትላ ወደ መኪናዋ ሄደች።

ሌላ ሰው ቢሆን መሬት ተሰንጥቃ እንድትውጠው ይመኝ ነበር። መቀስ ግን መኪናዋ ከዓይን እስክትሰወር ጠበቀና አትክልተኞቹ ላይ ጮኸ፦ «ጠቅልሉት! ጫኑት! በአቋራጭ መንገድ ወደ ላይኛው! እነሱ ሳይደርሱ!»

ሣሩ ተጠቀለለ። ሕዝብ የነበረው ሠራተኛ ሁሉ ቱታውን እንደለበሰ እየተጋፋ ጫነ። የጭነት መኪናው ውሃ እያንጠባጠበ፣ ጭቃ እየረጨ ተፈተለከ። ሜዳው ራቁቱን ቀረ። ሽማግሌዎቹ አጥር ሊሆኑ ከመጡት እንጨቶች ሁለቱን አንሥተው ጎል አቆሙባቸው፤ ባዶ ለባዶ ተብሎ እንደገና እንዲጀመር ተስማሙ። አባትየው «በግራ በኩል ሰው ያዙ! ሳንባ፣ አንተን ነው!» እያሉ ይጮኻሉ።

አስተባባሪው መስመሩ ዳር ቁጭ ብሎ ክራቫቱን ፈታ፤ ጭቃ ሆኗል። መቀስ መጥቶ ከፊቱ ተገተረ። ቆሽቱ አሯል።

«አሁኑኑ ንገረኝ። ምን ማድረግህ ነው?»

አስተባባሪው የጫማውን ማሰሪያ መፍታት ጀመረ።

«ታመሃል? ጠጥተሃል? እንጀራህ ላይ'ኮ ነው የቆምከው! ከነገ ጀምሮ ቢሮ የለህም፤ ገብቶሃል? ግን ለበላይ አካል አንድ ነገር ማለት አለብኝ። አዳልጦኝ ነው በልና ይለቅ። ትላለህ?»

«አልልም።»

«ሆን ብለህ ነው?»

አስተባባሪው ጫማውን አወለቀ፤ ካልሲውን አወለቀ፤ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰበሰበ።

«ሰውዬ፣ እያናገርኩህ ነው! አብራራልኝ!»

«አላብራራም» አለና ባዶ እግሩን በግራ በኩል ሜዳ ገባ።