ቤቴን ጎትቱልኝ

ሩደሲንዶ ቺጉዋይ ከማዘጋጃ ቤቱ በር በወጣ ቁጥር ደረጃው ላይ ቆም ብሎ የሚለቃት ስድብ ነበረችው። የዛሬውን ግን ከምን ይጀምረው? ጸሐፊዋን ሰድቧል፣ ዘበኛውን ሰድቧል፣ ማህተሙንና ማህተሙን የቀረጸውን ሰውዬ ሳይቀር ከነዘር ማንዘሩ አዳርሷል። ስድቡ ቢያልቅበት ባርኔጣውን እስከ ጆሮው ደፍቶ ዝናቡ ውስጥ ገባ።

እንዲያው በሕግ አምላክ፣ ሰው ምን ቢበድል ነው እንዲህ ደጅ የሚጠናው? መጀመሪያ «መሬቱ በአያትዎ ስም ነው» አሉት። አያትየው ከሞቱ ስንት ዘመናቸው! ከመቃብር ተነሥተው ይፈርሙ እንዴ? ይሁን ብሎ ስሙን አዛወረ። ቀጥሎ «ፕላን ያምጡ» አሉት። ዕድሜውን ሙሉ ጀልባ ያለ ፕላን የሠራ ሰው ለአንዲት ወርክሾፕ ቁጭ ብሎ ሣለ። «ባለሙያ ያልፈረመበት አይሆንም» ተባለ። አስፈረመ። «ፊርማው በጥቁር ቀለም ነው፤ እኛ የምንቀበለው ሰማያዊ ነው» አሉት። አበስኩ ገበርኩ! ሰማያዊውን ይዞ ሊመለስ ሲል ማዕበል ተነሥቶ ወደቡ ተዘጋ፤ ወደቡ ሲከፈት ሹሙ ዕረፍት ወጡ፤ ሹሙ ሲመለሱ ኮምፒውተሩ ታመመ። ዛሬ ደግሞ ቀለሙ ሰማያዊ ሆኖ፣ ሹሙ ወንበራቸው ላይ ተገኝተው፣ ኮምፒውተሩም ድኖ፣ «እንግዲህ የሚቀረው መሐንዲሷ እርስዎ ደሴት ድረስ መጥታ ቦታውን ማየት ብቻ ነው» አሉት። ብቻ! ቆሽቱን ያሳረረችው ያቺ «ብቻ» ናት።

የሚለምነው እኮ ፎቅ አይደለም። ሩደሲንዶ የእንጨት ጀልባ ሠሪ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የሠራው ደሴቱ ጫፍ፣ ከቤቱ ብዙ በሚያስኬድ የባሕር ዳርቻ፣ ዝናብ እየወረደበት ነው። ያ ባልከፋው። አምና ግን ሚስቱን ኡቤርሊንዳን ስትሮክ ጣላት። እሱ ዳርቻው ላይ ሳንቃ ሲያጎብጥ እሷ ምድጃው ሥር ወድቃ ስትጣራ ዋለች። ማን ይሰማል? ሲመሽ መጥቶ አገኛት። ከዚያን ቀን ወዲህ ለማዘጋጃ ቤቱ ጉዳይ ካልሆነ በቀር ከአጠገቧ አልራቀም፤ መጋዝም አልጨበጠም። ጀልባ ያዘዙት ዓሣ አጥማጆች አንድ ሁለቴ ጠይቀው ተዉት። ካልሠራ አይኖሩም፤ ትቷት መሄድ ደግሞ አይችልም። ስለዚህ ወርክሾፑ እቤቱ ጎን መሆን አለበት፣ ስትጠራው እንዲሰማ። ነገሩ ይኸው ነው።

ቦታውን አዘጋጅቶ ጨርሷል። ቤቱ ያለው ጎድጓዳ ውስጥ ነው፤ ከጀርባው ረግረግ፣ ከፊቱ ባሕር። ደረቅ የሆነው ከቤቱ ጎን ያለችው አንዲት ቁራሽ መሬት ብቻ ናት፤ እሷንም ቀርከሃና እሾህ ውጧት ነበር። መነጠራት። ሥሩን እየነቀለ አቃጠለ፣ ውሃው የሚወርድበት ቦይ ቆፈረ፣ ከዳርቻው ድንጋይ በበሬ እያስጎተተ አምጥቶ ደለደለ። ትከሻው እስካሁን ይጠዘጥዘዋል።

መሐንዲሷ ሴኞሪታ ያስና በመጨረሻ መጣች። ከሰሜን የመጣች ትሑት ልጅ ናት፤ ሩደሲንዶ ሊጠላት ምክንያት ቢፈልግ አጣባት፤ እሱም አናደደው። ጭቃው ጫማዋን እየነጠቃት ወርዳ ሜትሯን ዘረጋች። ለካች። ደግማ ለካች።

«ዶን ሩደሲንዶ፣ እዚህ ውስጥ እሳት ያነዳሉ?»

«ሳንቃ በእንፋሎት ካልሞቀ አይጎብጥም ልጄ። እንፋሎት ደግሞ በጸሎት አይመጣም።»

«እንግዲያው ለመኖሪያ ቤቱ በጣም ቀርቧል። ፍቅፋቂው አለ፣ ሙጫው አለ፣ እሳቱ አለ፤ ቤቱም እኮ እንጨት ነው። ከዚህ እጥፍ መራቅ አለበት።»

«ወዴት ይራቅ? በዚህ ረግረግ፣ በዚያ ባሕር! እኔ ጀልባ ሠሪ ነኝ እንጂ ዓሣ አይደለሁም!»

«ይገባኛል።»

«አልገባሽም! ይህ ሁሉ መከራ ሚስቴ ስትጠራኝ ልሰማት ነው እኮ። አፈር ስሆን ልጄ፣ ትንሽ ላላ አድርገሽ ለኪው።»

ያስና ወደ ቤቱ ቀና ብላ በመስኮቱ ሁለቱን የምትመለከተውን ኡቤርሊንዳን አየቻት። «እሳት ቢነሣስ?» አለች ቀስ ብላ። «ሮጠው መውጣት የማይችሉት እሳቸው ናቸው።»

እውነቷን ነበር። እውነቷን መሆኑ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ አንጀቱን አቃጠለው። ያስና ስትሄድ «በሚቀጥለው ወር እመለሳለሁ፤ ያኔ ርቀቱ ካልተስተካከለ ማመልከቻው ይሰረዛል፣ እንደገና ከሀ ነው የሚጀምሩት» አለችው። ከሀ! ከአያቱ ማለቷ ነው!

አበልጁ ሶፋኖር ከላይ ከመንገዱ ዳር ወርዶ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ አገኘው። ያንን ጭቃ ችሎ እነሱ ዘንድ የሚወርድ ከሶፋኖር በቀር ሰው አልነበረም።

«ምነው አበልጄ፣ ፊትህ የተረገጠ ድንች መሰለ?»

ሩደሲንዶ ነገረው። ሲነግረው እንደገና ደሙ ፈላ። ሶፋኖር ሰምቶ ሲያበቃ አገጩን አከከና፣ «ወርክሾፑ ካልራቀ ቤቱን አርቀዋ» አለ።

በሌላ አገር እንዲህ የሚልን ሰው ጠበል ይወስዱታል። እነሱ ባሉበት በቺሎዌ ደሴቶች ግን ቤት እንደ ከብት ቦታ ይቀይራል። በሥሩ ግንድ አስገብተው፣ ገመድ አስረው፣ በጥማድ በሬ ይጎትቱታል። ሚንጋ ይሉታል፣ ያው ደቦ ነው።

«ወዴት ነው የማርቀው?»

«ላይ ነዋ፣ እኛ ዘንድ፣ መንገዱ ዳር! የድንች መሬትህ ደረቅ ነው። ወርክሾፑ እዚህ ይቅር፤ ጀልባ ከዳገት ላይ ተሠርቶ አይወርድም።»

«ስትጠራኝስ?»

«ኡቤርሊንዳ? ያቺ ሴትዮ ደኅና ሳለች ስትቆጣህ እኮ ማዶ ደሴት ያሉት ባሎች ሁሉ ይደነግጡ ነበር! አይዞህ፣ ትሰማለህ።»

ሞከሩት። ሶፋኖር ዳገቱ ላይ ወጥቶ ጮኸ፤ ሩደሲንዶ ከታች ሰማው። ቀኑ ጸጥ ያለ ነበር፤ ቅጠል አይነቃነቅም። በቃ፣ ይሰማል አሉ። እዚያ ደሴት ተወልደው፣ እዚያው አርጅተው፣ ነፋስን ሳይቆጥሩ! ምን ታደርጋላችሁ፣ ማዘጋጃ ቤት ሲመላለስ የሰነበተ ሰው አእምሮው የት ይኖራል።

ለደቦ ሰው በስልክ አይጠራም። በየቤቱ ገብቶ፣ ባርኔጣ አውልቆ፣ «አንተን ከነበሬህ ልለምን መጥቻለሁ» ይባላል። ሩደሲንዶም ዞረ። ፕላን የጠየቀው የለም፤ ስለ ቀለም ያነሣበትም የለም። «በሬዎቼ ያንተ ናቸው» አሉት፣ አለቀ። ከአንዱ ቤት ወጥቶ ወደ ሌላው ሲሄድ ዓይኑ እንባ ሞላ፤ ብሽቀት ነው ብሎ ጠረገው።

የደቦው ቀን መስኮቶቹን ነቀሉ፣ ምድጃውን አወጡ፣ በሬዎቹን ጠመዱ። ኡቤርሊንዳ ግን አልወጣም አለች።

«ውጪ እንጂ! ቢገለበጥስ?» አላት ባሏ።

«ቤቴ... ሲሄድ... እሄዳለሁ» አለች በተሳሰረ ምላሷ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ልትገድይኝ ነው?»

«ተዋት አበልጄ!» ብሎ ጮኸ ሶፋኖር። «ንግሥት ናት፣ በሠረገላዋ ትሂድ!»

ወንበሯን ከምሰሶው ጋር አሰሩላት። በባዶው የመስኮት ክፍተት ብርድ ልብሷን ለብሳ ትታያለች። «ሳብ!» ተባለ። ቤቱ አቃሰተ፣ ተንገጫገጨ፣ ከዚያም ሄደ። ወንዱ ይጮኻል፣ ሴቱ ያሽካካል፣ በሬው ያጓራል። ዳገቱ አጋማሽ ላይ አንድ ገመድ ተበጠሰና ቤቱ ወደ ኋላ ትንሽ ሸተት አለ። ሩደሲንዶ ከጎን እየሮጠ «ቀስ በሉ እናንተ አውሬዎች! ሰው አለበት!» እያለ ጉሮሮው ደረቀ። የሚሰማው የለም። እሱ የሰማው ግን አንድ ነገር ነበር፤ ከመስኮቱ ሳቅ። በግማሽ ፊቷ ነው የምትስቀው፣ ግን ኡቤርሊንዳ ናት፤ ከታመመች ጀምሮ ሰምቶት አያውቅም። ቆሞ ቀረ፤ ሶፋኖር ገፍቶት ነው የተንቀሳቀሰው።

ቤቱ ድንች መሬቱ ላይ ሲያርፍ ጉድጓድ ውስጥ በጋለ ድንጋይ የበሰለው የዛጎል ዓሣ፣ ድንችና ሥጋ ወጣ፤ የፖም ጠላው ተቀዳ፤ ተበላ፣ ተጠጣ።

ያስና በቀጠሮዋ መጣች። ጭቃውን ወርዳ ጎድጓዳው ውስጥ ስትደርስ ወርክሾፑ የሚሠራበት ድልድል ድንጋይ አለ፤ ቤት የለም።

«ዶን ሩደሲንዶ... ቤቱስ?»

«ወጣ።»

«ወዴት ወጣ?»

በጣቱ ወደ ላይ አሳያት። ያስና ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለች።

«ፕላኑ ላይ እኮ እዚህ ነው ያለው።»

«ፕላኑ ላይ ይኑር። መሬት ላይ ግን እዚያ ነው። ለኪው ልጄ፣ ይተርፋል።»

ፕላኑን አየች፣ ዳገቱን አየች፤ በእጇ አፏን ሸፈነች። «ቤቱን ይዞ ለሚሄድ ሰው የምናስሞላው ቅጽ እንኳ የለንም» አለች።

«እግዜር ይመስገን!» አለ ሩደሲንዶ ከልቡ።

ለካች፤ ተረፈ። ፕላኑን እዚያው በእጇ አስተካክላ ፈረመች። ሩደሲንዶ ፈቃዱን ተቀብሎ ሸሚዙ ውስጥ ከተተው፤ ያን ቀን የሚሰድበው ሰው አጥቶ ዋለ።

ጎረቤቶቹ አገዙት፤ የወርክሾፑ ምሰሶ ቆመ፣ ጣሪያው ተመታ። የመጀመሪያው የሥራ ቀን ጠዋት ኡቤርሊንዳን መስኮቱ አጠገብ አስቀምጦ፣ ደኅናው እጇ አጠገብ ብረት ድስትና ጭልፋ አኖረላት። «ድምፅሽ ካልወጣ ይህን ምቺ። እየሮጥኩ እመጣለሁ።» ወርዶ እሳቱን አነደደ። ሳንቃውን እንፋሎቱ ላይ አደረገ።

ከዚያ የሰሜን ነፋስ ተነሣ።

ጣሪያው ይንቋቋል፣ ባሕሩ ያገሣል። መጋዙን ያሳርፋል፣ ጆሮውን ይሰጣል፤ ነፋስ ነው። ጥቂት ይስባል፣ እንደገና ያዳምጣል፤ አሁንም ነፋስ ነው። ድስቱን እየመታች ቢሆንስ? ወድቃ ቢሆንስ?  ስንት ባሕር አቋርጦ፣ ስንት ሰው ለምኖ ያገኘው ፈቃድ ይኸው ደረቱ ላይ አለ፤ ፈቃዱ የተፈለገለት ነገር ግን ዳገት ላይ ቀርቷል! ምላስህ ይቆረጥ፣ ጎትቱልኝ ያልክ አንተ! መጋዙን ወርውሮ ሽቅብ ሮጠ። ጭቃው ሁለቴ ጣለው። በሩን በትከሻው በረገደው።

ምድጃው ሞቋል። የሶፋኖር ሚስት ኖልፋና ሁለት የመንገዱ ማዶ ሴቶች ተቀምጠው ማቴያቸውን፣ ያንን መራራ የቅጠል ሻይ፣ ከእጅ ወደ እጅ እያዞሩ ይጠጣሉ። ኡቤርሊንዳ በመካከላቸው ነበረች፤ ድስቱ የተቀመጠበት ቦታ አለ፣ ማንም አልነካውም።

«ምነው ዶን ሩዴ፣ ውሻ አሳደደህ?» አለች ኖልፋ።

«ጠራሽኝ?» አለ ሚስቱን እያለከለከ። «ጠርተሽኝ ነው? አልሰማሁሽም! ነፋሱ... ከዚህ ምንም አይሰማም። ቤቱን መልሰን እናወርደዋለን። ነገ በሬዎቹን እለምናለሁ፣ ፈቃዱ ገደል ይግባ!»

«አልጠራሁህም» አለች ኡቤርሊንዳ።

 ቃል እያነሣች፣ እያረፈች ተናገረች።

«አንተ ሽማግሌ። ከታመምኩ ጀምሮ... ያንተን ፊት ብቻ ነው የማየው። ይህንን... የተጨነቀ ፊት። ሲነጋ እሱ፣ ሲመሽ እሱ።» ትንፋሽ ወሰደች። «ያን ቀን ስወድቅ... አንተን ብቻ የጠራሁ መሰለህ? ኖልፋን ጠራሁ። ሶፋኖርን ጠራሁ። የማውቀውን ሰው ስም... ሁሉ ጠራሁ። እዚያ ታች... የሚያልፍ ሰው አልነበረም።»

ደኅና እጇን አንሥታ በመስኮቱ መንገዱን አሳየችው። ሁለት ሴቶች ቅርጫት ይዘው ያልፉ ነበር፤ እጃቸውን አወዛወዙላት።

ሩደሲንዶ ጭቃው ከጉልበቱ እየተንጠባጠበ በሩ ላይ ቆመ። ሊቆጣ ፈልጎ ነበር፤ ማንን ይቆጣ? ከፋው። ዓመት ሙሉ እሱ ብቻ በቂ የመሰለው፣ እሷን ያቆየ የመሰለው ሰው፣ ልክ እንደ ሕፃን ከፋው። ከመከፋቱ ሥር ደግሞ ትከሻው ላይ የነበረ አንድ ከባድ ነገር ሲወርድ ተሰማው፤ በዚህም አፈረ።

ኖልፋ ማቴውን ዘረጋችለት። «ጠጣና ውረድ፤ እኛ አለን።»

ቆሞ ጠጣው፤ ምላሱን አቃጠለው። ከዚያ ባርኔጣውን ደፍቶ ወረደ። ሳንቃው በደንብ ሞቆ ጠበቀው፤ ያን ቀን እስኪመሽ ቀና ብሎ ሳያዳምጥ ሠራ።