የወይራው እጀታ

«ተቀመጪ እንጂ አባይነሽ! ሐዘንተኛ እንዲህ ይቁነጠነጣል እንዴ?» ጎረቤቷ ሙሉጌጥ የነጠላዋን ጫፍ ይዛ ወደ ፍራሹ መለሰቻት።

አባይነሽ ተቀመጠች። ከጠዋት ጀምሮ ስትነሳ ይህ አራተኛዋ ነው። አንዴ ውሃ ልጠጣ ብላ፣ አንዴ የድንኳኑ ገመድ ላልቷል ብላ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ያለ ምንም ምክንያት። ባሏ ኩማ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። እድሩ ድንኳኑን የተከለው ታቦር ተራራ ሥር ባለው ግቢያቸው ውስጥ ነበር፤ ከሐይቁ በኩል የሚመጣው ነፋስ ሸራውን ያርገበግበዋል፣ ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ በሩ ላይ ጭቃ ሆኖ ለቀስተኛው ሁሉ ጫማውን እየጠራረገ ይገባል። እጆቿን ጭኗ ላይ አሳረፈቻቸው። ወዲያው አነሳቻቸው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዚህ ሰዓት እንጨትና ሞረድ ይዘው የኖሩ እጆች ናቸው። አሁን ምን እንደምታደርጋቸው ጠፋት።

ከኋላዋ ሁለት ሴቶች በሹክሹክታ ያወራሉ።

«የኩማ ቀኝ እጅ እኮ እንዲያ የሆነው ያኔ ታስሮ ነው።»

«በምን?»

«እኔ ምን አውቄ። በአንድ ቢላዋ ሰበብ ነው ይላሉ።»

«ዝም በይ፣ ትሰማለች።»

ሰምታለች። እሷም ብትሆን ከዚያ የበለጠ አታውቅም።

ገበያ ውስጥ በርበሬና ቅመም የምትሸጠው ፈትያ ገባችና አጠገቧ ቁጢጥ አለች። «አላህ ሰብሩን ይስጥሽ እህቴ» አለች፣ የአባይነሽን እጅ በሁለት እጇ ይዛ። የፈትያ የጣቶቿ መገጣጠሚያዎች አብጠዋል። ቀጭን እጀታ መጨበጥ ካቃታት ቆይቷል፣ ለዚህም ነበር ኩማን ወፍራም እጀታ ያለው ቢላዋ ሥራልኝ ያለችው።

«ብረቱን ጨርሶልሻል» አለች አባይነሽ። «ሰኞ ጠዋት ስለቱን አውጥቶ ብረት ከሚቀጠቅጥበት መስፍ አጠገብ አስቀመጠው፤ ከዚያ ልቤን አለና ወደቀ። የቀረው እጀታው ብቻ ነው።»

«ኧረ ተይው! ለሱ ነው እንዴ የመጣሁት?»

«ዛሬ ልጨርሰው እችላለሁ።»

«በሐዘን ላይ ሥራ?» አለች ሙሉጌጥ ደንግጣ። «ሰው ምን ይላል?»

አዋሳ ገበያ ቢላዋ የሚሸጥ ሞልቷል። ኩማ ግን ሠርቶ የደረደረው ቢላዋ አልነበረውም። የመጣውን ሰው መጀመሪያ እጁን ያያል። ከዚያ እፍኝ የምታህል የሸክላ ጭቃ ይሰጠውና «እንደምትሠራበት አድርገህ ጨብጣት» ይለዋል። ያቺ የተጨበጠች ጭቃ ስትደርቅ የሰውየውን መዳፍና አምስት ጣቶች ይዛ ትቀራለች። እሷን እያየ ወይራውን ወይም ቀንዱን ይቀርጻል። ከሐይቅ ዳር ዓሣ እየበለቱ ለሚሸጡት እንዳያንሸራትታቸው ጫፉን ቆልመም ያደርገዋል፤ ግራኝ ለሆነ ሥጋ ቆራጭ ማረፊያውን ይገለብጥለታል። «ስለቱን ማንም ያወጣዋል» ይል ነበር። «ሰው ቀኑን ሙሉ ይዞት የሚውለው ግን እጀታውን ነው።» ያኔ ገበያው ዳር በነበረችው የቆርቆሮ ቤቱ መደርደሪያ ላይ የስንቱ ሰው የጭቃ ጭብጥ ተደርድሮ ነበር።

አባቷ ግን ዓይኑን ማየት አልፈለገም። «ልጄን ለቀጥቃጭ?» አለ። አባይነሽ ጥላው ወጣች፤ አባቷም ቤተሰቡ ደጇን እንዳይረግጥ ማለ። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው፣ ወንድሙ የሚባለው ታናሽ ወንድሟ እንኳን አልመጣም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ ከከተማው ወጥቶ ቱላ ገብቶ እርሻ ጀመረ ሲባል ሰማች። አባታቸው ሲሞት በመቃብሩ ማዶ ለማዶ ተያዩ። አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙን አንስታ አታውቅም።

ሰባ ዓመተ ምሕረት ላይ፣ ሰው በአንዲት የተቃውሞ ወረቀት ሰበብ በሚሞትበት ጊዜ፣ አንድ ቀን ምሳ ይዛ ወደ ቆርቆሮ ቤቱ ሄደች። መደርደሪያው ባዶ ነበር። ኩማ የጋለ ብረት በሚነክርበት በርሜል ላይ ጎንበስ ብሎ፣ እጁ እስከ ክርኑ ጭቃ ሆኖ፣ የመጨረሻዎቹን ጭብጦች ውሃው ውስጥ ያሟሟል።

«አበድክ?»

«አሮጌ ናቸው። ቦታ ያዙብኝ።»

ምሳውን ሳይጨርስ የአብዮት ጥበቃዎች መጡ። አንደኛው በጨርቅ የተጠቀለለ ቢላዋ ይዟል። እሷን ገፍትረው አስወጧትና እሱን ይዘውት ሄዱ። ከአርባ ቀን በኋላ ሲመለስ የቀኝ እጁ ሦስት ጣቶች ዳግመኛ አልታጠፉም።

መዶሻውን በግራው መያዝ ተማረ። መቅረጽ ግን አልቻለም። ሥራውን ወደ ግቢያቸው አመጡና ሞረዱን ለእሷ ሰጣት። አጠገቧ ተቀምጦ «እንጨቱን ብቻ አትዪ፣ እጁን አስቢ» እያለ አስተማራት። ማታ ማታ ያበጡትን ጣቶቹን በቅባት ስታሽለት ትጠይቀዋለች። «የማን ቢላዋ ነበር?»

«የሰው።»

«የትኛው ሰው?»

«የሰው ነው ስልሽ።»

ዘጠኝ ዓመት ከዚህ ሌላ ቃል አልወጣውም።

ከሰዓት ላይ አንድ ቀጭን ሰው ባርኔጣውን አውልቆ የድንኳኑ በር ላይ ቆመ። ወንዶቹ ጠጋ ጠጋ ብለው ከአግዳሚው ጫፍ ቦታ ሰጡት። አባይነሽ አየችው። ፀጉሩ ከፊት ሸሽቷል፣ ሆኖም አወቀችው። ብድግ አለች።

«ደሞ ወዴት?» አለች ሙሉጌጥ።

መልስ ሳትሰጥ ከቤቱ ጀርባ ወዳለው የሥራ ቤት ገባች። የፈትያን ወይራ አነሳች፣ ሞረዱን ያዘች፣ መሞረድ ጀመረች። ብዙም ሳይቆይ በሩ ላይ ጥላ አረፈ።

«እትዬ» አለ ወንድሙ።

«አባባ ሞቷል እኮ። አሁን ማንን ፈርተህ ነው እንደ እንግዳ በር ላይ የምትቆመው?»

«አባባን አይደለም።»

«እንግዲያው ባሌን ንቀህ ነው። ሳይሞት አንድ ቀን መጥተህ እጁን ብትጨብጠው ምን ነበር?»

ወንድሙ ቀኝ እጁን ዘረጋ። ትንሿ ጣቱ እንደ ልጅነቱ ቀጥ ብላ ቆማለች፤ አምስት ዓመቱ ሳለ አባይነሽ ሳታይ በር ዘግታባት እንደዚያው የቀረች ጣት ናት።

«ቢላዋው የኔ ነበር» አለ።

ሞረዱ ቆመ።

«ምን አልክ?»

«አባባ ቤትሽን እንዳልረግጥ አስምሎኝ ነበር። የገበያው ቆርቆሮ ቤት ግን ቤትሽ አይደለም ብዬ እየተደበቅሁ እሄድ ነበር። ኩማ ስላንቺ ያወራኛል። ቢላዋ ሠራልኝ፣ ይቺ ጣት ተዘርግታ የምታርፍበትን መስመር አውጥቶ። ቀጥሎ በመንግሥት ላይ የተጻፈው ወረቀት መጣ። ሌሊት ስንበትን ወረቀቱ የታሰረበትን ሲባጎ በቢላዋው ቆረጥኩና ኮቴ ስሰማ ጥዬው ሮጥኩ። ሲነጋ ለሱ ነገርኩት። ‹አሁኑኑ ቱላ ሂድ፣ እዚህ እንዳትታይ› አለኝ።»

«ጭብጦቹን...» አለች አባይነሽ። «የሁሉንም...»

«የኔን ብቻ ቢያጠፋ ይታወቃል። ‹ይሄ እጀታው ላይ ያለው ጎድጓዳ የማን ጣት ማረፊያ ነው?› ብለው ሲገርፉት ‹የእንጨቱ ቋጠሮ ነው› አለ። አርባ ቀን ሙሉ ቋጠሮ ነው አለ።»

አባይነሽ ሞረዱን አስቀመጠች።

«ሲፈታ መጥቼ እግሩ ላይ ወደቅሁ። ለእትዬ ልንገራት አልኩት። ‹እጄን ባየች ቁጥር አንተን ትጠላሃለች፤ ያላት ወንድም አንድ ነው› አለኝ። አስማለኝ። ከዚያ በኋላ ስንቴ እስከ አጥሩ መጣሁ መሰለሽ። አንቺ እንጨት ስትሞርጂ እሱ አጠገብሽ ተቀምጦ አይና እመለሳለሁ። በምን ዓይኔ ልግባ?»

«እኔ ግን ጠልቼህ ኖርኩ!» ድምጿ ግቢውን ሞላው። ከለቀስተኛው መሃል የቀበሌ ጥበቃ ቢኖር እንዳይሰማ መልሳ ዋጠችው። «የናቅኸን መስሎኝ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጠላሁህ። ሁለታችሁም ዝም ብላችሁ ምን አተረፋችሁልኝ? እውነቱን እንድሰማ እሱ መሞት ነበረበት?»

ወንድሙ አንድ እርምጃ ወደ እሷ ቀረበ።

«ውጣ» አለች። «ውጣልኝ፣ አሁን ላይህ አልችልም።»

ወጣ። እሷ ወደ ወይራው ተመለሰች። ሞረዱ ከሚገባው በላይ ገብቶ የፈትያን እጀታ ጎዳው። እንደዚህ ያለ ስህተት ከሠራች ዓመታት አልፈዋል። «እጁን አስቢ» የሚላት ሰው አጠገቧ የለም። ኩማ ሰኞ ዕለት ከወደቀ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ማንም ሳያያት፣ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ስትጨርስ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገችና ወደ ድንኳኑ ተመለሰች።

ወንድሙ አልሄደም። ዝናቡ እንደገና ጀምሮ ነበር። ከድንኳኑ ውጭ፣ የውሃው ጠብታ ትከሻው ላይ እየወረደ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ቆሟል።

«ይሄ ሰውዬ ማነው? ግባ ብንለው እምቢ አለ» አለች ሙሉጌጥ።

«ወንድሜ ነው» አለች አባይነሽ። «ኩማ የሚወደው።»

ክንዱን ይዛ አስገባችው። በአግዳሚዎቹ መሃል አልፋ ወደ ቤተሰቡ ፍራሽ ወሰደችው። ወንድሙ ፍራሹ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ጭቃ የበላውን ጫማውን ሊያወልቅ ጎንበስ አለ፤ የራሰው ማሰሪያ ጠብቆበት ጣቶቹ አልታዘዝ አሉት። አባይነሽ ፊቱ ተንበረከከች። እጁን ገለል አደረገችና ቋጠሮውን በጥፍሯ ፈታችው፤ ጫማውን አውልቃ ጎን አስቀመጠች። «ሁለተኛውን እኔው አወልቃለሁ» ሲላት አልሰማችውም። ያንንም እግሩን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው።