አንድ ትርፍ ፊደል

ልብስ ሰፊዋ ለልጇ ፊደል ማስተማር የጀመረችው ልጅቷ ሦስት ዓመት እንኳ ሳይሞላት ነው። ለመከራከር የሞከረው ባሏ፣ ዳቦ ጋጋሪው ብቻ ነበር።

"ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም፤ ተያት ትጫወት" አላት።

"ማቡካቱን ለአንተ ትተንልሃል። ደግሞስ ማን አትጫወት አላት?" አለችው።

እውነቷን ነው። ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው፤ በፊተኛው መስኮት ሥር የስፌት መኪናዋ አለ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ቁርጥራጭ ጨርቅ የሚጠራቀምበት ትልቅ ከረጢት። ደንበኛ በጠፋ ቁጥር ወለሉ ትምህርት ቤት ይሆናል። ትሪ ላይ ዱቄት ነስንሳ ልጅቷን በጣቷ ታስጽፋታለች። ካርቶን ላይ የተራረፉ ቁልፎችን በሙጫ እያጣበቁ "መ"ን ይሠራሉ። ጨርቅ በምታሰምርበት ጠመኔ ወለሉ ላይ ትልቅ "ሰ" ትስልና ድንቡሼ በመስመሩ ላይ እጇን ዘርግታ ትራመዳለች። ድንቡሼ የልጅቷ የቤት ስም ነው፤ ጉንጯን ያየ ሰው ለምን እንደተባለች አይጠይቅም።

ከሁሉም የልጅቷን ልብ የሰረቀው ግን ድብብቆሹ ነበር። እናትየው ከቁርጥራጩ መዳፍ የሚያክሉ ፊደሎች ቆርጣ፣ በመኪና ሰፍታ፣ ጥጥ ጠቅጥቃባቸዋለች። ድንቡሼ ዐይኗን ትጨፍናለች፣ እናት ሰባት ፊደል ትደብቃለች፣ ልጅቷ እየፈለገች በየስማቸው እየጠራች ቅርጫት ውስጥ ትከታለች። ሰባት ይደበቃል፣ ሰባት ይገኛል።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ድንቡሼ ስምንት አገኘች።

ስምንተኛው ከከረጢቱ ኋላ ነበር። "ለ" ለመሆን የሞከረ ነገር ነው፤ አንዱ እግሩ አጥሯል፣ ሌላው ወደ ውጭ ተንሻፏል። ልብስ ሰፊዋ አገላብጣ አየችው። በመኪና አልተሰፋም። በእጅ ነው የተሰፋው፣ እሷ ራሷ በማትደርስበት እጅ፤ ስፌቱ ደቃቅና እኩል ነው፣ ቋጠሮው ውስጥ ተደብቋል። ክሩ በመቀስ ሳይሆን በጥርስ ነው የተበጠሰው፤ ጫፉ ገና እርጥብ ነበር።

"ሰፍተሽ ረስተሽው ነው" አላት ባሏ፣ ከሥራ ተመልሶ ዐይኑን እያሸ። "አንቺ ስትቸኩዪ ራስሽን ትረሻለሽ።"

በማግስቱም ስምንት ተገኘ። በሦስተኛው ቀንም። የትርፎቹ መልክ በየቀኑ እየተስተካከለ ሄደ፤ የ"ለ" እግር እኩል ሆነ፣ "ሐ" ቀና አለች። በአራተኛው ቀን ልብስ ሰፊዋ ትርፎቹን በተርታ ደረደረችና ክው አለች። ስፌቱ የባለሙያ ነው፣ ፊደሉ የጀማሪ። እንደዚያ ያለ ሰው በዕድሜዋ አንድ ብቻ ነው የምታውቀው፤ እሷም ከሞተች ስድስት ዓመቷ ነው።

እናቷ ነበረች። ሙያውን ያስተማረቻት እሷ ናት። ግማሹ ከተማ እጇ የነካውን ለብሶ ሲሄድ፣ እሷ ግን ወረቀት ሲመጣባት አውራ ጣቷን ቀለም እየነከረች ነው የምትፈርመው። "ልጄ፣ እስቲ ይቺን ፊደል አሳዪኝ" ትላታለች። "እሺ እማዬ፣ ይሄን ቀሚስ ልጨርስና።" ያ ቀሚስ ሲያልቅ ሌላ ቀሚስ ይመጣል። ዛሬ ነገ ስትባል እናትየው ታመመች። ሆዷን ሲያማት ብቻዋን ሐኪም ቤት ሄደች፤ ልብስ ሰፊዋ የሚዜዎች ልብስ ደርሶባት ነበር። ሐኪም ቤቱ በር በበር ነው፣ በሩ ሁሉ ላይ ተጽፏል። መጠየቅ አሳፈራትና ከማይመለከታት በር ፊት ከጠዋት እስከ መዝጊያ ተቀምጣ ዋለች፤ ሰው ሁሉ ሲሄድ እሷም ወደ ቤቷ ሄደች። እንዳፈረች ሁለተኛ አልተመለሰችም። በመጨረሻ ልጇ ይዛት ስትሄድ ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ፤ ቀድማችሁ ብትመጡ ነበር አለ። ልብስ ሰፊዋ ይህን ለማንም አውርታ አታውቅም። ልጇን በጨቅላነቷ ፊደል የምታስጠናት ለምን እንደሆነ ለባሏም አልነገረችውም።

"ድንቡሼ፣ ይሄን ማን ሰፋው?"

"እማማ" አለች ልጅቷ፣ ይሄማ ይጠየቃል እንዴ በሚል ቃና። ወደ ከረጢቱ ጥግ ጠቆመች። "እዚያ ትቀመጣለች። ፊደል አታውቅም እኮ! እኔ ነኝ የማሳያት።"

"ለምን አሳዪኝ አለችሽ?"

"ቤቷ ጨለማ ነው። በር ብዙ ነው፣ ብዙ፣ ብዙ። በሩ ላይ ፊደል አለ። የቷ የሷ እንደሆነች አታውቅም።" ድንቡሼ የጥጥ "መ"ዋን ጨመቀቻት። "ስንጨርስ ይዛኝ ትሄዳለች። እኔ አነብላታለሁ።"

"ከዚያስ ትመለሻለሽ?"

ልጅቷ አሰበችበት። "እሱን አልነገረችኝም" አለች።

ልብስ ሰፊዋ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ልትጥል ነው። ከሠላሳ ሦስቱ ፊደል ድንቡሼ ያልተማረቻቸው አሥራ አራት ብቻ ናቸው። ያን ቀን ዱቄቱን ደፋች፣ ጠመኔውን ከወለሉ አጠበች፣ ፊደሎቹን ሁሉ ሳጥን ውስጥ ከታ ቆለፈች። ጨዋታው አለቀ አለች።

አላለቀም። ድንቡሼ ከጥጉ አልነሳ አለች። ምግብ ሲቀርብላት አፏን ትገጥማለች። ቀኝ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ትቀመጣለች፣ ጣቶቿ እንደ መታጠፍ ብለው፣ ትልቅ ሰው ይዟት መንገድ የምትሄድ ትመስላለች። አባቷ ከሥራ ሲመለስ አንስቶ ጫንቃው ላይ አደረጋት፤ ቀልዱ ግን ጠፋበት። "እጇ በረዶ ነው። ጉንጯስ የት ሄደ?" አለ።

በሦስተኛው ቀን ልብስ ሰፊዋ ለደንበኛ ቁልፍ ስትተክል ቀና ብትል፣ ልጅቷ ጫማዋን አድርጋ በሩ ጋ ቆማለች። ግራውን በቀኝ ነው ያደረገችው። ቅርጫቷን በክንዷ አንጠልጥላለች።

"የት ነው?"

"እማማ ቸኩላለች። ሳንጨርስም እንሂድ አለች።"

እናትየው ደንበኛዋን በግማሽ ሸሚዝ አስወጥታ ልጇን ዳቦ ቤቱ ድረስ አዝላ ሄደች። "ዛሬ ከጎንህ እንዳትለይህ። እጇን ይዘህ ዋል" አለችው ባሏን። ለምን ብሎ ሳይጠይቃት ተመለሰች። ቤት ገብታ በሩን ዘጋች፣ ሳጥኑን ከፈተች፣ ከከረጢቱ ፊት ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ጥጉ ውስጥ ምንም አይታይም፤ ብርድ ግን ይሰማል።

"እማዬ፣ ልጄን ተይልኝ። ማስተማር የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ እኔ አስተምርሻለሁ። ስንጨርስ የሚያነብልሽ ካስፈለገሽም እኔን ውሰጂ" አለች።

ከረጢቱ ሰው እንደተደገፈው ሁሉ ቀስ ብሎ ወደ ግድግዳው ዘመመ።

ልብስ ሰፊዋ የመጀመሪያውን ፊደል ወደ ጥጉ ገፋችው። "ሀ" አለች።

ከዚያ በኋላ ድንቡሼ ዳቦ ቤት እየዋለች፣ እናቷ ከሰዓት ከሰዓት ታስተምር ነበር፤ እያንዳንዱን ፊደል ከነሰባት መልኩ። ጠዋት ጠዋት በእጅ የተሰፋው መልስ መኪናዋ ላይ ተቀምጦ ታገኘዋለች፣ የተበላሸውን ታርማለች። ልጅቷ በሳምንት ውስጥ መብላት ጀመረች፣ ጉንጯ ተመለሰ፣ የእማማን ነገር ጭራሽ ረሳችው። እየቀዘቀዘ የሄደው የእናቲቱ እጅ ነው። ምግብ አፈር አፈር ይላት ጀመር። ደንበኞቿን አሰናበተች፤ የምትሰፋው የልጇን ልብስ ብቻ ሆነ፣ የአራት ዓመት፣ የአምስት፣ የስድስት፣ እያጠፈች ትከምራለች።

"ለማን ነው ይሄ ሁሉ? ከስተሻል እኮ፣ አንቺ ሴትዮ" አላት ባሏ።

"ጨርቁ ተርፎኝ ነው" አለችው። አቅፋው ብዙ ቆየች፤ እሱም የዱቄት እጁን ጀርባዋ ላይ አደረገ።

ሐሙስ ቀን "ፐ" ላይ ደረሱ። ሰባቱንም አንድ በአንድ ወደ ጥጉ ገፋች፣ አንድ በአንድ ስማቸውን ጠራች። ከዚያ ጫማዋን አደረገች፣ ነጠላ ጫማ ሳይሆን የመንገዱን። ቀኝ እጇን ወደ ከረጢቱ ዘርግታ ዐይኗን ጨፈነች። ፈርታለች፤ ልጇን ልታይ ትፈልጋለች፤ እጇን ግን አላጠፈችም።

ብርዱ መጥቶ ጣቶቿን ነካቸው። ጥቂት ቆየ። ከዚያ ለቀቃቸው።

ዐይኗን ስትገልጥ ክፍሉ የተለመደው ክፍል ነው፣ ጥጉም ጥግ ነው። የስፌት መኪናዋ ላይ ነጭ ጨርቅ ተዘርግቷል፤ በቀይ ክር፣ በዚያ በሚያስቀና ደቃቅ ስፌት፣ አንድም ስሕተት ሳይኖርበት ተጽፏል፦

"በሬን አነበብኩት። ብቻዬን እገባለሁ። አንቺ ቅሪ።"

ደስ ሊላት ይገባ ነበር። እሷ ግን ዘላ ከረጢቱን ገለበጠችው፣ ቁርጥራጩን በሁለት እጇ በተነችው፣ ግድግዳውን ዳበሰችው። "እማዬ! ቆዪ እንጂ!" ስትል ጮኸች። ያን ሁሉ ሳምንት ፊት ለፊት ተቀምጠው ከፊደል ሌላ ቃል አልወጣትም። እንዴት ነሽ አላለቻትም። እናቷ ከሐኪም ቤቱ በር ፊት ብቻዋን በዋለችበት ቀን እሷ የት እንደነበረች አላወራቻትም፤ ስንጨርስ እላታለሁ ብላ ነበር።

ከዚያ ነጩን ጨርቅ አነሳች። መርፌ ይዛ ከእናቷ ጽሑፍ ሥር በእጇ ሰፋችበት፦ "እማዬ፣ ይቅር በዪኝ።" ስፌቱ ተንጋደደ፣ አንድ ቦታ ላይም መርፌው ጣቷን ወጋት፤ ቢሆንም ይነበባል። እናቷ አሁን ማንበብ ትችላለች። አጥፋ ጥጉ ላይ አስቀመጠችው።

በየጠዋቱ ልጇን ሳታስነሳ ሄዳ ታየዋለች። ዛሬ ሁለት ወር ሆነው፤ ጨርቁን ያነሳው የለም።